«እስከ ዓርብ» በእንግሊዝኛ ሁለት ነው

ጅማ ያለ አንድ ቡና ላኪ ለውጭ ገዢው ሁለት ዐረፍተ ነገር ይጽፋል እንበል። አንዱ «መጋዘናችን እስከ ሰኞ ዝግ ነው» የሚል፣ ሌላው «ናሙናውን እስከ ሰኞ እንልካለን» የሚል። በአማርኛ ሁለቱም ቦታ ያለው «እስከ ሰኞ» ነው፤ ሰሚውም ግር አይለውም። ወደ እንግሊዝኛ ሲመጡ ግን መንገዳቸው ይለያያል፤ የመጋዘኑ «አንቲል መንደይ»፣ የናሙናው «ባይ መንደይ» ይሆናል።

ናሙናው ላይ ሁለቱ ቢቀያየሩ ገዢው ለማለት የተፈለገውን ገምቶ ያልፈዋል። መጋዘኑ ላይ ቢቀያየሩ ግን መልእክቱ ተገልብጦ ያርፋል። «ክሎዝድ አንቲል መንደይ» አሁን ዝግ ነው፣ ሰኞ ይከፈታል ማለት ነው። «ክሎዝድ ባይ መንደይ» ደግሞ አሁን ክፍት ሊሆን ይችላል፣ ሰኞ ሲደርስ ግን ተዘግቶ ታገኙታላችሁ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ያነበበ መኪናውን ሰኞ ይልካል፤ ሁለተኛውን ያነበበ ሰኞ ሳይደርስ ለመጫን ይሯሯጣል። ሁለቱም ሰዋስዋቸው የተስተካከለ ስለሆነ የኮምፒውተሩ ማረሚያ ቀይ መስመር አያሰምርባቸውም። ስሕተቱ የሚታወቀው መኪናው የመጋዘኑ በር ላይ ሲቆም ነው።

ነገሩ የሚመጣው «እስከ» ድንበሩን ብቻ የሚናገር ቃል ከመሆኑ ነው። ድንበሩ ጋ እስኪደረስ ድረስ ሥራው ሳያቋርጥ ይቀጥል ወይስ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያብቃ፣ ይህን ለግሡ ትቶታል። «እቆያለሁ» ከተባለ መቀጠሉ፣ «እልካለሁ» ከተባለ አንድ ጊዜ ሆኖ ማለቁ ከግሡ ይታወቃል። እንግሊዝኛ ይህን ለግሡ አይተወውም፤ ከቀኑ ፊት በምትቆመው ትንሽ ቃል አስቀድሞ ይለየዋል። ጅማ ላይ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ሰውም ከዚህ አያመልጥም፤ «ሀንጋ» እንደ «እስከ» ሁሉ ሁለቱን ጠቅልሎ የያዘ ቃል ነው።

መለያው ግን እዚሁ አማርኛ ውስጥ አለ። «እስከ»ን አውጡና በቦታው «ቢዘገይ ቢዘገይ» አስገቡበት። «ናሙናውን ቢዘገይ ቢዘገይ ሰኞ እንልካለን» ያስኬዳል፤ ስለዚህ «ባይ» ነው። «ጅማ ቢዘገይ ቢዘገይ ሐሙስ እቆያለሁ» ግን ጆሮ ይቆረቁራል፤ ስለዚህ «አንቲል» ነው። አንዳንድ መምህራን «ድረስ» ካለበት «አንቲል» ነው ብለው ያስተምራሉ፤ ይህ አያስተማምንም። «ማመልከቻችሁን እስከ ዓርብ ድረስ አስገቡ» የሚል ማስታወቂያ በየሰሌዳው ይለጠፋል፣ እንግሊዝኛው ግን ያለ ጥርጥር «ባይ ፍራይደይ» ነው። «ቢዘገይ ቢዘገይ» የተሻለ ሚዛን ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታዩ መቆየት፣ መጠበቅ፣ መተኛት፣ ክፍት ወይም ዝግ መሆን፣ ዋጋው መጽናቱ፣ ፈቃዱ ማገልገሉ በ«አንቲል» በኩል ይወድቃሉ። መላክ፣ መድረስ፣ መክፈል፣ መፈረም፣ ማስረከብ፣ መጨረስ በ«ባይ» በኩል። በመሐል የሚያወላውሉ ግሦችም አሉ፤ ዋናው «መሥራት» ነው። ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ ለአማካሪው «አይ ዊል ዎርክ ኦን ዘ ቻፕተር አንቲል ተርስደይ» ብሎ ቢጽፍ፣ እስከ ሐሙስ ምዕራፉ ላይ ስሠራ እቆያለሁ ማለቱ ነው። ያልቃል አላለም። አማካሪው ሐሙስ ምዕራፉን ቢጠብቅና ቢያጣ ቃል ታጠፈብኝ ማለት አይችልም። ቃል የሚገባው «አይ ዊል ፊኒሽ ዘ ቻፕተር ባይ ተርስደይ» ያለ ነው።

የዋጋ ማቅረቢያ ላይ የሚደርሰው ስሕተት ከዚህ ይከፋል። «ዚስ ፕራይስ ኢዝ ቫሊድ ባይ 30 ማርች» የሚል ደብዳቤ የላከ ሰው፣ ዋጋው እስከ ማርች 30 ይጸናል ማለቱ ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን ዋጋው ገና ወደፊት ሊጸና ነው እንዴ ብሎ ይቆማል። እዚህ ላይ የሚገባው «ቫሊድ አንቲል» ነው።

አሉታ ሲገባበት ነገሩ ይወሳሰባል፤ «ቢዘገይ ቢዘገይ»ም ከዚህ በኋላ አይሠራም። «እስከ ሐሙስ አልጨርስም» የሚለውን አማርኛ እንመልከት። አንደኛው ትርጉሙ «የምጨርሰው ሐሙስ ነው፣ ከዚያ በፊት አትጠብቁኝ» ነው። ሁለተኛው ትርጉሙ «ሐሙስ አይደርስልኝም፣ ሌላ ቀን ስጡኝ» ነው። እኛ በድምፅና በፊት ገጽታ እንለየዋለን፤ ኢሜይል ፊት የለውም። የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ «አይ ወንት ፊኒሽ አንቲል ተርስደይ» ሲሆን፣ ሁለተኛው «አይ ወንት ፊኒሽ ባይ ተርስደይ» ነው። አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያልቅ ግሥ «አንቲል»ን በሰላም የሚቀበለው እንዲህ በአሉታ ሲመጣ ነው፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ድርጊቱ ሳይሆን አለመደረጉ ነው። አለመጨረሱ እስከ ሐሙስ ይዘልቃል፣ ሐሙስ ያበቃል። በአዎንታ «አይ ዊል ፊኒሽ አንቲል ተርስደይ» ማለት ግን እንግሊዝኛ አይደለም፤ ከአማርኛ ተናጋሪ ብዕር ደጋግሞ የሚወጣውም ይኸው ነው።

ከዚህ ቤት የወጣ አንድ ቃል ለብቻው መታየት አለበት፤ «እስካሁን»። ገንዘብ የዘገየበት አቅራቢ «ክፍያው እስካሁን አልደረሰኝም» የሚለውን ቃል በቃል ገልብጦ «አይ ሃቭ ኖት ሪሲቭድ ዘ ፔይመንት አንቲል ናው» ይላል። እንግሊዝኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ ጆሮው ላይ የሚቀረው «እስከ አሁኗ ደቂቃ ድረስ አልደረሰኝም ነበር፣ አሁን ግን ደረሰኝ» የሚል ነው፤ ቢያንስ ይጠራጠራል። ቅሬታችሁን የምስጋና ደብዳቤ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። የሚፈለገው የእንግሊዝኛው «የት» (yet) ነው፦ «አይ ሃቭ ኖት ሪሲቭድ ዘ ፔይመንት የት»። ገንዘቡ እስካሁን መድረስ ነበረበት ለማለት ደግሞ «ኢት ሹድ ሃቭ አራይቭድ ባይ ናው» ይባላል። እስካሁን ሦስት ኮንቴይነር ጭነናል ከሆነ «ሶ ፋር» ነው። አንዱ «እስካሁን» በሦስት ቃል ተከፋፈለ፤ «አንቲል ናው» ግን ከሦስቱም ውስጥ የለም። እርሱ የሚገባው ሲሆን የቆየ ነገር አሁን ሲለወጥ ነው።

«ባይ» የጊዜ ነጥብ ይፈልጋል እንጂ የጊዜ ርዝመት አይወድም። ዓርብ፣ 11 ሰዓት፣ የወሩ መጨረሻ፣ እነዚህ ነጥቦች ናቸው። ሁለት ቀን፣ ሦስት ሳምንት ርዝመቶች ናቸው፤ «በሁለት ቀን ውስጥ» ለማለት «ዊዚን ቱ ዴይስ» ይባላል። «ኢን ቱ ዴይስ» ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ ወደሚለው ያደላል፤ ነገ አደርሳለሁ ያለ ሰው ይህን ቢጽፍ ራሱን ያዘገያል። «ባይ» ከርዝመት ጋር ከመጣ ትርጉሙ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ የልዩነቱን መጠን ይናገራል። «ዘ ዴድላይን ወዝ ኤክስቴንድድ ባይ 15 ዴይስ» ማለት ቀነ ገደቡ በ15 ቀን ተራዘመ ማለት ነው። «ኤክስቴንድድ ቱ ዘ 15ዝ» ግን ወደ ወሩ 15ኛ ቀን ተገፋ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀነ ገደብ የወሩ 10 ቢሆን፣ አንዱ ወደ 25 ይወስዳል፣ ሌላው አምስት ቀን ብቻ ይጨምራል። «በ15 ቀን» እና «በ15ኛው ቀን» በአማርኛም ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ በስልክ ሲነገሩ ይምታታሉ፤ በጽሑፍ ማረጋገጥ ነው።

ቃሉ ከተመረጠ በኋላ ሰዓቱ ይቀራል። ጅማ ላይ «ባይ 2» ብሎ የጻፈ ሰው ልቡ ውስጥ ያለው ምናልባት የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ የሚያነበው ፈረንጅ ግን የቀትር በኋላውን 2፣ ማለትም የእኛን 8 ሰዓት ይረዳል። ስድስት ሰዓት መጨመር ወይም መቀነስ ሁሉም ያውቀዋል፤ 5 ፒ.ኤም 11 ሰዓት ነው፣ 8 ኤ.ኤም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ሰው የሚወድቀው 12 ላይ ነው። ኤ.ኤም እና ፒ.ኤም ከላቲን የመጡ ሲሆኑ «ከቀትር በፊት» እና «ከቀትር በኋላ» ማለት ናቸው። 12 ፒ.ኤም ቀትር ነው፣ የእኛ ቀን 6 ሰዓት። «ባይ 12 ፒ.ኤም» የሚል ያነበበ ሰው ፒ.ኤምን «ማታ» ብሎ ከተረጎመው የምሽቱን 12 ሰዓት ይጠብቃል፤ ያኔ ቀነ ገደቡ ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ደግሞ ቀነ ገደቡ ዓርብ ቀትር ከሆነና ሰነዱ ጅማ ካለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማኅተም የሚፈልግ ከሆነ፣ ከ5:30 እስከ 7:30 የዓርብ ረፍት መሆኑ መታሰብ አለበት፤ በተግባር ቀነ ገደቡ 5:30 ነው።

የሌሊቱ 6 ሰዓት ከቀትሩ ይልቅ አሳሳች ነው። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ዓርብ ማታ የጀመረ ሌሊት እስኪነጋ የዓርብ ሌሊት ነው። በእንግሊዝኛ ግን ቀኑ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይለወጣል፤ 12 ኤ.ኤም ደግሞ የቀኑ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ስለዚህ «ባይ 12 ኤ.ኤም ፍራይደይ» ማለት ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ጊዜ አለኝ ብሎ የተቀመጠ አመልካች ሙሉ 24 ሰዓት ዘግይቷል። አማርኛ «ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት» የሚል ቁልጭ ያለ አነጋገር ስላለው ለራሳችሁ ማስታወሻ ስትይዙ ይህን ተጠቀሙ፤ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይጠራል። ማመልከቻ የሚቀበሉ ድረ ገጾች 11:59 ፒ.ኤም የሚሉት ይህንኑ ውዥንብር ለመሸሽ ነው፤ የዓርብ 11:59 ፒ.ኤም የዓርብ ምሽት 5:59 ነው፣ ክርክር የለበትም።

ክርክር የሚኖረው የማን ሰዓት ነው በሚለው ላይ ነው። የእኛ ሰዓት ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ይቀድማል፣ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ኒውዮርክ ግን በክረምታቸው ከእኛ በ8፣ በበጋቸው በ7 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ለንደን በ3 እና በ2። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ እንግሊዞቹ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ። ስለዚህ በማርች መካከል ኒውዮርክ ሰዓቷን ለውጣ ለንደን ያልለወጠችባቸው ሁለት ሦስት ሳምንታት አሉ። «ባይ ክሎዝ ኦፍ ቢዝነስ ፍራይደይ» የሚለው ደግሞ የሥራ ሰዓት ማብቂያ ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 5 ፒ.ኤም፣ አብዛኛውን ጊዜም በጻፈው ሰው አገር ሰዓት። የኒውዮርክ ገዢ ከጻፈው በበጋቸው ለእኛ ዓርብ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ያርፋል፣ በክረምታቸው 7 ሰዓት። ጽሑፍ ወደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የሚልኩ ተመራማሪዎች ደግሞ «ኤኒዌር ኦን ኧርዝ» የሚል ያጋጥማቸዋል። ይህ በምድር ላይ ቀኑ በመጨረሻ የሚያልቅበት ሰዓት ነው፤ ከእኛ በ15 ሰዓት ወደኋላ። በዚህ አቆጣጠር የዓርብ 11:59 ፒ.ኤም ጅማ ላይ ቅዳሜ ቀን 8:59 ነው። ከቀነ ገደብ ዓይነቶች ሁሉ ይበልጥ ለእኛ የሚያዳላው ይህ ነው።

ቀኑን በቁጥር ብቻ መጻፍም ወጥመድ ነው። «ባይ 5/7» ለአሜሪካዊ ሜይ 7፣ ለእንግሊዛዊ ጁላይ 5 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ካነበብነው መጋቢት 5፣ ማለትም ማርች 14 ነው። ወሩን በፊደል ጻፉ፣ የሳምንቱንም ቀን ጨምሩበት፤ ቁጥሩ ቢሳሳት እንኳ ከቀኑ ስም ጋር ስለማይገጥም አንባቢው ይጠይቃል።

ሌላው ጥያቄ ድንበሩ ራሱ ይቆጠራል ወይ የሚለው ነው። «ባይ ፍራይደይ» ሲባል በተለመደው አነጋገር ዓርብ ራሱ አለበት፤ «ቢፎር ፍራይደይ» ሲባል ግን ሐሙስ ያበቃል። «አንቲል» ላይ እንግሊዞቹም አይስማሙም። «አይ አም ኦን ሊቭ አንቲል ፍራይደይ» ያለ ሰው ዓርብ ሥራ ይገባል ወይስ ሰኞ? በአማርኛ «እስከ ዓርብ ፈቃድ ላይ ነኝ» ሲባል የሚነሳው ጥያቄ እዚያም ይነሳል። አሜሪካኖች ዓርብን ለመጨመር «ስሩ ፍራይደይ» ይላሉ፣ እንግሊዞች «አፕ ቱ ኤንድ ኢንክሉዲንግ ፍራይደይ»። ከሁሉም የሚሻለው የምትመለሱበትን ቀን መጻፍ ነው፦ «ባክ ኦን መንደይ»።

በቡና ንግድ ይህ ጥያቄ በግምት አይፈታም፤ በኤልሲ፣ ማለትም የገዢው ባንክ ትክክለኛ ሰነድ ሲቀርብለት ለመክፈል በሚገባው የጽሑፍ ዋስትና፣ የሚከፈል ከሆነ የተጻፈ ደንብ አለው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ የሚሠራው ዩ.ሲ.ፒ 600 የሚባለው ደንብ፣ ኤልሲው በእርሱ እንደሚመራ ከተገለጸ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ ይተረጉማል። የመጫኛ ጊዜን ለመወሰን «አንቲል»፣ «ቲል»፣ «ቱ»፣ «ፍሮም» እና «ቢትዊን» ከገቡ የተጠቀሰው ቀን ይቆጠራል፤ «ቢፎር» እና «አፍተር» ከገቡ አይቆጠርም። «ኦን ኦር አባውት» ካለ ከተጠቀሰው ቀን አምስት ቀን በፊትና አምስት ቀን በኋላ፣ ሁለቱ ዳር ቀኖች ጭምር ይፈቀዳሉ። የወሩ «ቢጊኒንግ» ከ1 እስከ 10፣ «ሚድል» ከ11 እስከ 20፣ «ኤንድ» ከ21 እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። «ባይ» ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ኤልሲው ላይ የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ራሱን የቻለ ቦታ አለው፤ ባንኮች በሚላላኩበት የስዊፍት መልእክት 44ሲ ተብሎ የተቀመጠው ነው። የኤልሲው ማብቂያ ቀንና ቦታ ደግሞ 31ዲ ላይ ነው። ቦታው የገዢው አገር ከሆነ ሰነዱ በዚያ ቀን እዚያ መድረስ አለበት፤ አዲስ አበባ ላለው ባንክ ማስረከብ አይበቃም።

ሁለቱ ቀኖች የበዓል ቀን ላይ ሲወድቁ አያያዛቸው አንድ አይደለም። ሰነድ የሚቀርብለት ባንክ የሚገኘው እዚህ ከሆነና የማብቂያው ቀን ጃንዋሪ 7 ላይ ቢውል፣ ባንኩ ለገና ዝግ ስለሚሆን ማብቂያው ባንኩ ወደሚከፈትበት ቀጣይ የሥራ ቀን ይሸጋገራል። የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ግን በዚህ ምክንያት አይገፋም። ጃንዋሪ 7 ከተባለ ቡናው ጅቡቲ ላይ መርከብ መሳፈር ያለበት ቢዘገይ ቢዘገይ በጃንዋሪ 7 ነው፤ በማግስቱ የተጫነ ጭነት፣ ሰነዱ በሙሉ የተስተካከለ ቢሆንም፣ ባንኩ ዘግይቷል ብሎ ክፍያውን ሊከለክል ይችላል።